የማይበላው ኬክ በ8 ሚሊዮን ዶላር

ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት እያለን መምህራችን ምሳሌ ሲቸግረው ኬክ ይጠራ ነበር። የመጀመሪያው ቁራጭ ይጣፍጣል፣ ሁለተኛው ደህና ነው፣ አራተኛው ያንገሸግሻል፤ ስለዚህ ለአራተኛው የምትከፍሉት ይቀንሳል። ፈተና ላይም መጥቶ ነበር፣ አልተሳሳትኩም።

የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የዌይን ቲቦን ሥራዎች ሳይ ግን ነገሩ ተምታታብኝ። ሰውየው በአንድ ሸራ ላይ ተመሳሳይ ኬኮችን በሰልፍ ይደረድራል፣ እኔም እያየሁ አልጠግብም። ገዢዎቹም የጠገቡ አይመስሉም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ ኬኮችን የሚያሳየው ሥዕሉ ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ ከ8.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ሥዕሉን የሠራው በ90 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ሲሸጥ 99 ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ቲቦ በልጅነቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምግብ ቤት ሠርቷል፣ በኋላም የማስታወቂያ ሥዕል ይሠራ ነበር። ኬኮቹን ፊቱ አስቀምጦ ሳይሆን ባብዛኛው ከትዝታው ነው የሚስላቸው። ቀለሙን ደግሞ አይቀባም፣ ልክ እንደ ክሬም ይለድፈዋል፤ የብሩሹ መስመር ሸራው ላይ ጎልቶ ይታያል። ጥላዎቹ ጥቁር ሳይሆኑ ሰማያዊ ናቸው። ዶናት፣ አይስክሬም፣ ከረሜላ እየሳለ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ በርካታ ጋለሪዎች መለሱት። አለን ስቶን የተባለው ጋለሪስት ግን ተቀበለው፤ በ1962 ያዘጋጀለት ትርኢትም ስሙን አስጠራው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፣ የእኔ ሙያ እሱ ነውና። በጨረታ አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የሚጠራው ዋጋ ገዢው የሚከፍለው ጠቅላላ አይደለም። የጨረታ ቤቱ ከገዢው ኮሚሽን ይጨምርበታል፣ ዜና ላይ የምናየውም ብዙውን ጊዜ ድምሩን ነው። ሠዓሊውስ? ሥዕሉን አንዴ ከሸጠ በኋላ ባለቤቱ መልሶ ሲሸጠው አሜሪካ ውስጥ ምንም ላይደርሰው ይችላል። የቲቦ አገር ካሊፎርኒያ በ1976 ለሠዓሊው 5 በመቶ የሚሰጥ ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ክፍሉን ከጥቅም ውጭ አደረገው። በአውሮፓ ኅብረት ድርሻ አለ፣ ግን ጣሪያው ለአንድ ሽያጭ 12,500 ዩሮ ነው። ለ8 ሚሊዮን ኬክ ይቺ ፍርፋሪ ናት። ያም ሆኖ እኔ ከምንም ፍርፋሪ እመርጣለሁ፤ ገበያው ስሙን እየጠራ ሲነግድ ሰውየው ደጅ መቆሙ አይዋጥልኝም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2020፣ ሌላ ሥራው በክሪስቲስ 19.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እሱ ግን ኬክ አይደለም፣ አራት የመጫወቻ ማሽኖች ናቸው። ቲቦ በዲሴምበር 2021 በ101 ዓመቱ አረፈ።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በ1963 የሣላቸው አሥራ ሦስት ኬኮች የብሔራዊ የሥዕል ሙዚየሙ ንብረት ናቸው። ለዕይታ መውጣታቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ እንጂ መግቢያው በነፃ ነው። ጠጋ ብላችሁ የቀለሙን ውፍረት በጎን እዩት። ምሳ በልታችሁ ሂዱ።