የኪያንቲ የገጠር ቤቶች፦ በሬ ይታሰርበት የነበረው መኝታ ክፍል

ከፍሎረንስ ወደ ሲዬና የሚወስደው የድሮ መንገድ ቁጥሩ 222 ነው፤ የአገሩ ሰው ግን «ኪያንቲጃና» ይለዋል። በግሬቬ፣ በፓንዛኖና በካስቴሊና አድርጎ ከኮረብታ ኮረብታ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ግራና ቀኙ ወይንና ወይራ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ጠዋት ከፍሎረንስ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ሁለት ቦታ ወይን ጠጅ ይቀምሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ማታ ይመለሳል። ይህ ለኪያንቲ አይበቃም። ኪያንቲ በደንብ የሚገባው እዚያው ገጠር ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሰነበተ ሰው ነው፤ ምክንያቱም የወይን ጠጁ ታሪክ ግማሹ ያለው በእነዚያ የድንጋይ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ወይን ጠጁ ባጭሩ፦ ዋናው የወይን ዝርያ ሳንጆቬዜ ነው። ኪያንቲ ክላሲኮ ለመባል ቢያንስ 80 በመቶው ከእሱ መጠመቅ አለበት። የአካባቢውን ወሰን በአዋጅ የከለለው የቶስካና ታላቅ መስፍን ኮዚሞ 3ኛ ሲሆን ዘመኑም 1716 ነው። ጥቁር አውራ ዶሮ የታተመበት ጠርሙስ ኪያንቲ ክላሲኮ ነው፤ «ኪያንቲ» ብቻ የሚለው ደግሞ በዙሪያው ካለው ሰፊ የቶስካና ምድር የሚመጣ፣ የራሱ ደንብ ያለው ሌላ ወይን ጠጅ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስረዳ አስጎብኚ ከገጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ቤቶቹ። ብዙ ሰው በማስታወቂያ ላይ «የቶስካና ቪላ» የሚል አይቶ ሲከራይ፣ የመኳንንት ማረፊያ በነበረ ቤት የሚያድር ይመስለዋል። የባለርስቶቹ ቪላዎች እርግጥ አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። በየኮረብታው አናት ብቻውን ቆሞ የሚታየው የድንጋይ ቤት በአብዛኛው የገበሬ ቤት ነበር። የዚያ ገበሬ ኑሮ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የእኩል አራሽ ነበር። መሬቱም ቤቱም የባለርስቱ ነው፤ ስንዴው፣ ዘይቱና ወይን ጠጁ እኩል ይካፈላል። የቤተሰቡ ቁጥር ከመሬቱ ስፋት ጋር እንዲመጣጠን ይፈለግ ስለነበር፣ ልጅ ለመዳር እንኳ የባለርስቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ውል ነበር። ይህ ሥርዓት በመካከለኛው ዘመን ተጀምሮ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘልቋል።

ይህን ያወቀ ሰው ቤቱን ማንበብ ይችላል። ምድር ቤቱ ጣሪያው በቅስት የተሠራና መስኮቱ ጠባብ ከሆነ የበሬዎች ጋጣ ነበር። ቤተሰቡ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው በብዙዎቹ ቤቶች ደረጃው በውጭ በኩል የተሠራው። ወደ ላይ ሲወጡ በመጀመሪያ የሚያገኙት ትልቅ ምድጃ ያለበት ወጥ ቤት ነው፤ መኝታ ክፍሎቹ ከእሱ ዙሪያ ናቸው። ከጣሪያው በላይ ብቅ ያለችው ትንሽ ግንብ የርግብ ቤት ነበረች። ዛሬ ወንበርና ጥላ ተዘርግቶ ቁርስ የሚበላበት የተነጠፈ ግቢም አውድማ ነበር።

አንድ ጊዜ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ምድር ቤት ያለውን መኝታ ክፍሌን ሲያሳዩኝ ግድግዳው ላይ የቀረውን የብረት ቀለበት በእጃቸው እየነኩ «እዚህ ሁለቱ በሬዎቻችን ይታሰሩ ነበር። በብርድ ጊዜ ሙቀታቸው ወደ ላይ እየወጣ እኛን ልጆቹን ያሞቀን ነበር» አሉኝ። በዚያ ክፍል ከእኔ በፊት ያደሩ ስንት እንግዶች ቀለበቱን ፎጣ መስቀያ አድርገው እንደሄዱ ሳስብ ይቆጨኛል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ግን በመስኮቱ በሚታየው ነገር ነው። ቀጥ ብለው ከኮረብታው አናት እስከ ሸለቆው የሚወርዱት የወይን ረድፎች በየፖስታ ካርዱ አሉ። ጎብኚው አይቷቸው «ለሺህ ዓመት ያልተለወጠ ምድር» ይላል፤ አስጎብኚዎችም ይህንኑ ይደግማሉ። እውነቱ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ረድፎች የተተከሉት ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። የእኩል አራሹ እርሻ ሁሉን የያዘ ነበር፤ ወይኑ በአጫጭር ዛፎች ላይ እየተሳበ ያድጋል፣ በዛፎቹ መካከል ስንዴና ባቄላ ይዘራል፣ ወይራውም እዚያው መሃል አለ። ቤተሰቡ ከዚያች መሬት ዓመቱን ሙሉ መብላት ነበረበትና ወይን ብቻ መትከል አያዋጣውም። ዳገቱ ደግሞ በደረቅ የድንጋይ ካብ እርከን እርከን ሆኖ የተሠራ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጆቹ ወደ ፋብሪካ ሄዱ። ፍሎረንስ፣ ፕራቶና ሌሎች ከተሞች ደመወዝ፣ የቧንቧ ውሃና መብራት ነበራቸው። በ1964 የወጣ ሕግ አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ፤ በ1982 የወጣው ደግሞ የቀሩት ውሎች ወደ ኪራይ እንዲለወጡ መንገድ ከፈተ። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ የብዙዎቹ ጣሪያ ወደ ውስጥ ወደቀ። ባለርስቶቹ አራሽ ሲያጡ ትራክተር ገዙ። ትራክተር ደግሞ በዛፍና በካብ መካከል መመላለስ አይችልም፤ ስለዚህ በድጎማ ገንዘብ ካቡ ፈረሰ፣ ዛፉ ተነቀለ፣ ወይኑ ከላይ ወደ ታች በረድፍ ተተከለ። ዛሬ የምናደንቀው መልክ የመጣው ገበሬው ከሄደ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ውጤቱ መጥፎ ነበር። የተተከለው ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ወይን ስለነበር ወይን ጠጁ ቀጠነ፤ ዝናብም አፈሩን አጠበው። የኪያንቲ ክላሲኮ አምራቾች ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ከፍሎረንስና ከፒሳ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተሻሉ ተክሎችን ለመምረጥ ረጅም ጥናት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙው እርሻ እንደገና ተተከለ። ስለዚህ ከመኝታ ክፍልዎ መስኮት የሚያዩት ወይን ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። የድሮውን እርከን ማየት የሚፈልግ ሰው ከግሬቬ በላይ ወዳለችው ላሞሌ ይውጣ፤ እዚያ ካቡ ዛሬም ወይን ተሸክሞ ቆሟል።

ባዶዎቹን ቤቶች ያዳኗቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የውጭ ሰው ነው፤ በተለይ እንግሊዞችና ጀርመኖች ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ጀምሮ እየገዙ አደሷቸው። ሁለተኛው፣ እኔም የምወደው፣ በ1985 በሕግ የተደነገገው «አግሪቱሪዝሞ» ነው። ሕጉ ገበሬ በእርሻው ላይ ያለውን ቤት ለእንግዳ እንዲያከራይ፣ ያመረተውንም እንዲያበላና እንዲያጠጣ ይፈቅዳል፤ ዋናው ሥራው ግን እርሻ ሆኖ መቀጠል አለበት። በ2006 በአዲስ ሕግ ሲተካም ይህ መሠረት አልተነካም። ልዩነቱ ለእንግዳው ትልቅ ነው። ለብቻው በሚከራይ ቪላ ቁልፍ የሚያስረክብዎ ወኪል ሊሆን ይችላል፤ በአግሪቱሪዝሞ ግን የሚቀበልዎ ወይኑን የሚገርዘው ሰው ራሱ ነው።

ለጉዞ ምርጡ ጊዜ የወይን ለቀማው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም፣ በተለይ የመስቀል ሰሞን። በበጋቸው ወራት ብዙ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አያከራዩም። መኪና የግድ ያስፈልጋል፤ ወደ ቤቶቹ የሚያስገባው መንገድ ብዙ ጊዜ ነጭ ጠጠር ነውና ቀስ ብለው ይንዱ፤ የሚያቦኑት አቧራ ፍሬው ላይ ያርፋል። ፍሎረንስና ሲዬና መሃል ከተማ በካሜራ የሚጠበቅ ክልክል ቀጠና ስላለ መኪናውን ውጭ ያቁሙ። ጾም ላይ ከሆኑም አይቸገሩም፤ ከጥቁር ጎመን፣ ከቦሎቄና ካደረ ዳቦ የሚሠራው ሪቦሊታ የገበሬው ምግብ ነው፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት ብቻ ይንገሯቸው። ዳቦው ጨው የለውም፤ ልማዳቸው ነው።

አንዳንድ እንግዶችን ግን መውቀስ አለብኝ። በቀን አምስት ቦታ ቅምሻ ይይዙና አንዱንም ሳያጣጥሙ፣ ከዚያም መሪ ጨብጠው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ይነዳሉ። በጣሊያን ለአሽከርካሪ የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት ላልሞላው ዜሮ ነው። በቅምሻ ላይ መትፋት ነውር አይደለም፤ ማሰሮው የተቀመጠው ለዚያ ነው። ቀጠሮ ሳይዙ በለቀማ ሰሞን በር ማንኳኳትም ልክ አይደለም፤ ሰዎቹ ፍሬው ሳይበላሽ ለማስገባት ሌት ተቀን የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ከረድፉ ዘለላ እየቀጠፉ መብላትና ፎቶ መነሣትም ይቅር፤ ያ ፍሬ የዓመት ድካም ነው።

በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል፤ አንዱ ትልቅ፣ ለምሳሌ በ1872 የኪያንቲን የወይን ቅልቅል በደብዳቤ ያሰፈሩት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ የኖሩበት የብሮሊዮ ግንብ፤ ሌላው ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ትንሽ እርሻ። የቀረውን ቀን ለቤቱ ይስጡት፤ ጋጣውን፣ ምድጃውንና አውድማውን ይፈልጉ።

ከ2025 ጀምሮ በጣሊያን ለቱሪስት የሚከራይ ቤት ሁሉ ብሔራዊ መለያ ቁጥሩን በማስታወቂያው ላይ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ቁጥር የሌለውን ይለፉት። ቁጥሩን ካዩ በኋላም ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ባለቤቱን በቤቱ ዙሪያ ያለውን ወይን ማን እንደሚያርሰው ይጠይቁ። «እኛው ነን» የሚል መልስ ከመጣ ቤቱን ይያዙት።