ኪልት በሴት ወገብ

በስኮትላንድ ደጋማ አገር ተወልዶ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ኪልት፥ ፊቱ ዝርግ፥ ጎኑና ጀርባው በጥልቅ ሽንሽን የተሰፋ፥ ከወገብ ተነሥቶ እስከ ጉልበት የሚወርድ የሱፍ ግልድም ነው። የወንድ ልብስ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ባግፓይፕ በሚነፉት የሙዚቃ ጓዶች ውስጥ ሴቶች ከወንዶች ጋራ ተሰልፈው ያንኑ ኪልት ታጥቀው ሲያልፉ፥ በደጋማው አገር የጭፈራ ውድድርም ከተወዳዳሪዎቹ የሚበዙት ሴቶች ሆነው ሲገኙ ማየት የተለመደ ስለሆነ፥ አንዲት ሴት ኪልት ልታሰፋ ስትነሣ በምን ሥርዓት እንድትመርጥ ማስረዳት የሚገባ ነው።

በ16ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ የደጋው ሰው ይለብሰው የነበረው ኪልት፥ እንደ እኛ አገር ጋቢ ቀን ልብስ ሌሊትም መኝታ የሚሆን ሰፊ ኩታ ነበር፤ ይህንንም ወገቡ ላይ እየሸበሸበ በመታጠቂያ ያስርና የተረፈውን በትከሻው ላይ ይጥለው ነበር። የታችኛው እኩሌታ ተለይቶ ሽንሽኑ በመርፌ የተሰፋው በ18ኛው ምዕት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 የስቱዋርትን ንጉሣዊ ቤት ወደ ዙፋን ለመመለስ የተነሣው ዐመፅ ከከሸፈ በኋላ የለንደን ፓርላማ በ1746 ያወጣው የደጋው ልብስ ክልከላ እስከ 1782 ድረስ ቢጸናም፥ ሕጉ በስም የጠራው ወንዶችንና ወንዶች ልጆችን እንጂ ሴቶችን አልነበረም። የደጋዋ ሴት ግን ያን ጊዜም የራስዋ የሆነ፥ አሪሴድ የሚባል፥ መደቡ ነጭ፥ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድና በደረት ላይ በብር ወይም በነሐስ ጌጥ የሚያያዝ ኩታ ነበራት፤ ዛሬ ጨፋሪዎቹ የሚወዱት ነጭ የበዛበት ታርታን፥ ማለት ባለ ካሬው የኪልት ጨርቅ፥ ከዚያ ልብስ ጋራ ይዛመዳል። በ1950ዎቹ የአቦይን መንደር የጨዋታ በዓል አዘጋጆች ሴቶች ጨፋሪዎች ኪልት እንዳይለብሱ ቢከለክሉና ሌላ ቀሚስ ቢወጣላቸውም፥ ሃይላንድ ፍሊንግን የመሰለው ጭፈራ ዛሬም በሴቶች እግር በኪልት ይጨፈራል፤ እግር በተነሣ ቍጥር ሽንሽኑ የሚሰጠውን ውዝዋዜ ሌላ ልብስ ሊሰጠው አይችልምና።

በገበያው ለሴት ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የኪልት መልክ ብቻ ያለው፥ ጨርቁ ስስ፥ ሽንሽኑም ጥቂት የሆነ ጉርድ ቀሚስ ነው። ለቢሮና ለመንገድ መልካም ልብስ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ዕድሜዋን ሙሉ የምትለብሰው ኪልት የምትሻ ሴት እስከ 8 ያርድ፥ ማለት 7 ሜትር ያህል ጨርቅ የሚፈጀውን፥ በእጅ የሚሰፋውን እውነተኛውን ኪልት ትጠይቅ። የሱፉ ክብደት በአውንስ ይነገራል። በያርድ 10 አውንስ የሚመዝነው ስስ ሲሆን የሽንሽኑን ስለት አይጠብቅም፤ 16 አውንስ የሚመዝነው አወራረዱ ግሩም ቢሆንም በቀጭን ወገብ ላይ ይከመራል፤ እኔ ብጠየቅ ለብዙዎቹ ሴቶች መካከለኛውን፥ 13 አውንሱን ወይም 370 ግራም ገደማ የሚሆነውን እመርጣለሁ።

ዋናው ጥበበ እድ ግን ያለው በወገብና በዳሌ መካከል ነው። ወገብዋ 70 ዳሌዋ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነችን ሴት ብናስብ፥ ከዙሪያዋ እኩሌታው ለፊቱ ዝርግ፥ እኩሌታው ለሽንሽኑ ሲሰጥ፥ በዳሌ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሽንሽን ወገብ ላይ ሲደርስ 35 መሆን አለበት። ሽንሽኖቹ 25 ቢሆኑ እያንዳንዱ ከታች 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተነሥቶ ከላይ 14 ይሆናል ማለት ነው፤ ሰፊውም ይህን የ6 ሚሊ ሜትር ቅናሽ በአንድ ስንዝር ያህል ርቀት ውስጥ፥ የታርታኑን መሥመሮች ሳያጣምም፥ 25 ጊዜ ደጋግሞ መፈጸም ይኖርበታል። የወንድ ወገብና ዳሌ ልዩነቱ አነስተኛ ስለሆነ፥ በወንድ ልክ የተሰፋ ኪልት በሴት ገላ ላይ ሲታጠቅ ወገቡ ይሰፋል፤ ዳሌው ይወጠራል፤ ቀጥ ብሎ ሊወርድ የሚገባው ሽንሽንም ቆማ ሳለች ይከፈታል። ስለዚህ ኪልቱን ስትሞክር በጎንዋ ወደ መስተዋት ቆማ ሽንሽኑን ትመልከት፤ ከተከፈተ አትቀበለው። ልዩነቱ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ሙሉው ኅብረ ቀለም ከኋላ እንዲታይ ከሚደረገው አሰፋፍ ይልቅ፥ በየሽንሽኑ መካከል አንድ መሥመር የሚቀመጥበት የወታደሮች አሰፋፍ ይሻላታል።

ርዝመቱም አስቀድሞ በጥንቃቄ ይለካ። የኪልት ግርጌ ታጥፎ የሚሰፋ ሳይሆን ሸማኔው በሽመናው የዘጋው የጨርቁ ጠርዝ ስለሆነ፥ ካለቀ በኋላ ከታች ማሳጠር አይቻልም። ልኩ እስከ ጉልበት ሎሚ መካከል ሲሆን፥ ለጭፈራ የሚሰፋው ግን ጨፋሪዋ ቀጥ ብላ ስትንበረከክ መሬት አይነካም።

ታርታኑን መምረጥ ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነው። የእናትዋን ወይም የአባትዋን ነገድ፥ የተወለደችበትን አውራጃ፥ ወይም ብላክ ዎችን የመሰለ ለሁሉ የተፈቀደ ታርታን ልትይዝ ትችላለች፤ በ1853 ለንጉሣውያን ቤተ ሰቦች የተሠራውን ባልሞራልን ግን በልማድ ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው አይለብሰውም። ለአጭር ሴት ካሬው ሰፊ የሆነውን አልመክርም፤ በፊቱ ዝርግ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ያልቅባታልና።

ከፊት የሚሰካው ጌጠኛ መርፌ ቍልፍ በፊት በኩል ከሚደራረቡት ሁለት ዝርግ መደረቢያዎች የላይኛውን ብቻ ይውጋ፤ ሁለቱን መደረቢያዎች አንድ ላይ ከወጋ በተራመደች ቍጥር ሱፉን ይቀድደዋል።