እስከ ሦስተኛው ውሻ

የኢቦላ ቫይረስ ውፍረት 80 ናኖ ሜትር ያህል ነው። 1 ሺህ ቫይረሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አያልፉም። 4 ሚሊ ሜትር የምትወፍር እንጀራን ለማከል 50 ሺህ መደራረብ አለባቸው። ዘረመሉ የተጻፈው በ19 ሺህ ገደማ ፊደላት ነው፤ በአንድ ገጽ 1,500 ፊደል ቢታተም 13 ገጽ አይሞላም። የሰው ዘረመል በዚያው አጻጻፍ 2 ሚሊዮን ገጽ ይፈጃል።

13 ገጽ የማይሞላው ይህ ጽሑፍ በ2001 እና 2002 እ.ኤ.አ. ጋቦን ውስጥ 65 ሰዎችን አሳመመ፤ 53ቱ ሞቱ። በሽተኞቹ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ታክሲ ቢሄዱ አምስት ታክሲ ሞልተው አምስት ሰው ይተርፍ ነበር። ለመመለስ ግን አንድ ታክሲ ይበቃል።

በየደጃፉ ውሾችም ነበሩ። የመንደር ውሻ ያገኘውን በልቶ ነው የሚያድረው፤ በወረርሽኙ ወቅት ከጫካ የመጣ የተበከለ የአውሬ ሥጋ ሲበሉ፣ የሕመምተኛ ትውከት ሲልሱ የታዩ አሉ። ተመራማሪዎች የ439 ውሾችን ደም መረመሩ። ውሾቹ 60 ወንበር ባለው አውቶቡስ ቢጫኑ ሰባቱን ሞልተው ስምንተኛውን ይጀምራሉ። የተፈለገው፣ ሰውነት ቫይረሱ ሲገባበት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ለንጽጽር ከተመረመሩት 102 የፈረንሳይ ውሾች የተገኘባቸው 2 ናቸው፤ ከ51 አንድ ማለት ነው። ፓሪስ ከጋቦን ዋና ከተማ ከሊብረቪል ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ እግረኛ የግማሽ ዓመት መንገድ ነው። በጋቦን ሁለት ዋና ከተሞች ከ79 ውሾች 7፤ ከ11 አንድ። ከሊብረቪል ወደ ምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 17 ቀን በእግር ተጉዞ መካምቦ ከተማ ሲደረስ ከ99 ውሾች 15፤ ከ7 አንድ ገደማ። ወረርሽኙ በገባበት አካባቢ ባሉ መንደሮች ከ159 ውሾች 40፤ ከ4 አንድ። ሰው በታመመባቸው፣ የተበከለ የአውሬ ሬሳም በተገኘባቸው መንደሮች 31.8 በመቶ። እዚያ ሦስተኛው ውሻ ጋ ሲደረስ በአማካይ አንድ ይገኛል ማለት ይቻላል።

የበሽታ ምልክት ያሳየ ውሻ አልታየም። በ439ኙም ደም ውስጥ ቫይረሱ ራሱ ሲፈለግ ውጤቱ 0 ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱ ውሻው ጋ ደርሶ እንደነበር ይጠቁማል እንጂ ውሻው ለሰው እንዳስተላለፈ አያሳይም፤ ይህን ልዩነት መዘንጋት ከባድ ስህተት ነው።

በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ውስጥ ኢቦላ የያዛት ነርስ ውሻ ሳይመረመር ተገደለ። በዚያው ወር ዳላስ ውስጥ የሌላ ታማሚ ነርስ ውሻ ለ21 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። ተመረመረ፤ ነፃ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ባለቤቱም ተመለሰ።