ውሻውን እሁድ ማን ያወጣዋል? በቤይሩት ከመጠለያ ትልቅ ውሻ ሲወሰድ የሚረሳው ጥያቄ

በቤይሩት ማር ሚካኤል ሰፈር በማለዳ የወጣ ሰው ውሻ ይዘው የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ማየቱ አይቀርም። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ የአሰሪዎቻቸው ነው፤ ማሰሪያውን የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው።

በዚሁ ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከእንስሳት መጠለያ ውሻ ለመውሰድ ባሰበ ጊዜ ለትርጉም ተጠርቼ ነበር። ውሻው የስምንት ወር ወንድ፣ የጀርመን ሼፐርድ ቅልቅል ነው። 26 ኪሎ ይመዝናል፤ ገና እያደገም ነው። ማዳም የመጠለያውን የአረብኛ ቅጽ ከመፈረሟ በፊት ለቤት ሠራተኛዋ በአማርኛ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሠራተኛዋ የወሎ ልጅ ናት፤ በቤቱ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም።

ቅጹ ስለ ምግብ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሕክምና ይዘረዝራል። መሃል ላይ “የቤቱ ሰዎች ሁሉ ተስማምተዋል?” የሚል ጥያቄ አለ። እዚህ ስደርስ አስቆመችኝ።

“እህቴ፣ ውሻውን ጠልቼው አይደለም” አለችኝ። “እሁድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ማን ያወጣዋል? እሱን ጠይቂልኝ።”

ጥያቄውን ተረጎምኩ። ማዳም ወዲያው አልመለሰችም።

መጠለያዎቹ ለምን ሞሉ?

በሊባኖስ ባለፉት ዓመታት የደረሰው ሁሉ በእንስሳትም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ የሀገሪቱ ገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ፤ ከውጭ የሚገባ የውሻ ምግብና መድኃኒትም ለብዙዎች የማይቀመስ ሆነ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ለወደቡ ቅርብ የሆነው ማር ሚካኤል ክፉኛ ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ ነበር። በርና መስኮት በተነቀለባቸው ቤቶች የነበሩ ድመቶችና ውሾች ደንብረው ጠፉ። በ2024ቱ ጦርነት ደግሞ ከደቡብና ከከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ የሸሹ ቤተሰቦች ሁሉ እንስሶቻቸውን ይዘው መውጣት አልቻሉም።

እንደ አኒማልስ ሌባኖንና ቤታ ያሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይህን ሸክም ተሸክመዋል። ሀገሪቱ በ2017 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 47 የእንስሳት ባለቤቶች እንስሶቻቸውን በአግባቡ የመያዝ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል።

ከመጠለያ ቶሎ ወሳጅ የማያገኙት ትልልቆቹ ናቸው። አፓርታማው ጠባብ ነው፤ በከተማዋ ሣር ያለበት ሕዝባዊ ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ይቆማል፤ ውሻው ግን አምስተኛ ፎቅም ቢኖር በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መውረድ አለበት።

ትልቅ ይመስላል እንጂ ልጅ ነው

የስምንት ወር ትልቅ ውሻ በቁመቱ ያታልላል። ትልልቅ ዝርያዎች አድገው የሚጨርሱት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያው ይጎትታል፣ ይዘላል፣ ጫማ ያኝካል። መገጣጠሚያው ገና ስላልጠነከረ ለትልልቅ ቡችሎች የተዘጋጀ ምግብ ይመከርለታል፤ ደረጃ ላይ እየዘለለ እንዲሮጥም አይፈቀድለትም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥግ ይዞ ቢተኛ ወይም ምግብ ቢያንገራግር አያስደነግጥም። የመጠለያ ሰዎች “ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር” የሚል መለኪያ አላቸው፤ ሦስት ቀን ድንጋጤው እስኪያልፍ፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት እስኪለምድ፣ ሦስት ወር ቤቱ የራሱ እስኪመስለው።

የእኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ደግሞ አለ። የተረፈ ወጥ ለውሻ አይሰጥም፤ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በመተማና በሁመራ ካላዛር ከሚባለው በሽታ ጋር የሚዛመደውና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌሽማኒያ በሜዲትራኒያን አካባቢ ውሾችን ስለሚያጠቃ፣ ሐኪሙ እንዲመረምረው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍርሃትም አለ። ሀገር ቤት ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ “ያበደ ውሻ” ሲባል የምንሸሸውም በከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ስለዚህ የክትባት ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት ድፍረት አይደለም። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል።

“ተበኒ” እና “ከፋላ”

ቅጹ ውሻውን መውሰድን “ተበኒ” ይለዋል። በአረብኛ ልጅን የራስ አድርጎ መቀበል ማለት ነው፤ እኛ ጉዲፈቻ የምንለው። ማሰሪያውን የምትይዘው ሴት በሀገሪቱ የምትኖርበት ሥርዓት ደግሞ “ከፋላ” ይባላል፤ መኖሪያ ፈቃዷ ከአሰሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም።

ያም ሆኖ በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣታል። ውሻ ግን የዕረፍት ቀን አያውቅም። ስለዚህ የእሁዱ ጥያቄ የስንፍና ጥያቄ አልነበረም፤ ቅጹ ከጠየቀው ሁሉ ዋናው ነበር።

በመጨረሻ ማዳም ወረቀት አመጣች። የማለዳው የሠራተኛዋ፣ የማታው የትልቁ ልጅ፣ እሁድ ሙሉውን የማዳምና የባለቤቷ ሆነ። ምግቡን የሚገዛው፣ ሐኪም ጋር የሚወስደውም ተጻፈ። በሁለት ቋንቋ ጻፍኩትና ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ነው ቅጹ የተፈረመው።

ውሻ ወደ ቤት ሊገባ ነው የተባለች እህት ሦስት ነገር ትጠይቅ፤ ተከትቧል ወይ? ከአቅሜ በላይ ቢጎትት ማን ያግዘኛል? በዕረፍቴ ቀን ማን ያወጣዋል? መልስ ሳይገኝ የገባ ውሻ ብዙ ጊዜ ወደ መጠለያው ይመለሳል፤ እስኪመለስ ድረስም ድካሙ የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ከወር በኋላ ደውዬላት ነበር። ውሻው ሁለት ጫማ አኝኮባታል። “እሁድስ?” አልኳት።

“እሁድማ ሚስተር ነው የሚጎተተው” ብላ ሳቀች።