ሥራ አላት

(ድምፅ፦ ወፎች፤ የሚሰበር ጭራሮ፤ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል)

ተራኪ፦ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥተናል። አዲስ አበባ ከበታች ነች። አስፋልቱ አልቆ የባሕር ዛፉ ጥላ ጀምሯል።

በቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ነው፤ ቁጥቋጦ በራሱ የሚራመድ ይመስላል። ቀረብ ሲል ከሥሩ ኮንጎ ጫማ ያጠለቁ ሁለት እግሮች ይታያሉ። እስሩ ከተሸካሚዋ ቁመት ይረዝማል፤ ጠባቡን መንገድ የምታልፈው በጎኗ ነው። ሽማግሌ ዳር ይዘው ያሳልፏታል።

(ድምፅ፦ «እግዜር ያቅልልሽ!» «አሜን፣ አባቴ!»)

ተራኪ፦ ይህች ሴት ሥራ አጥ አይደለችም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንዲት ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አለው። እርሷ አንዲቷን ሰዓት የምትጨርሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

ባሕር ዛፉ ራሱ የመጣው ለማገዶ ነበር። ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ከወረዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአካባቢው ጥድና ወይራ ተመናምኖ ከተማዋ በማገዶ ተቸገረች፤ ንጉሡ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ግን ዋና ከተማዋን በቦታዋ አቆያት። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ፈጥኖም ያድጋል። ለማስገባቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ዛፉን ከጋራው ወደ ምድጃው ያወረዱት ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

በ1967 የመሬት አዋጅ ወጣ፤ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የባላባቶች ባሕር ዛፍም ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ለለቃሚዋ የተለወጠው ዘበኛው ብቻ ነው። ከያዛት ሸክሟን ይነጥቃታል፤ ገመዷንም ጭምር። ገመዱ ደግሞ የሥራ መሣሪያዋ ነው።

መንግሥት ስለ ነዳጅ የሚወስነው ውሳኔም ጋራው ድረስ ይደርሳል። በ2001 መጀመሪያ የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ ነጭ ጋዝ ተወደደ። ቡታጋዝ የጠፋበት ወይም መብራት የተቋረጠበት ቤት ደግሞ ወደ ምድጃው ይመለሳል። እኔም ያደግሁት በባሕር ዛፍ ቅጠል በተጋገረ እንጀራ ነው፤ ማን እንዳመጣው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

(ድምፅ፦ የሸማ ዕቃ፣ መወርወሪያው ሲመላለስ)

ተራኪ፦ የተሞከረ ነገር የለም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የእነዚህን ሴቶች ሸክም ካጠና በኋላ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ጀርባቸው የጎበጠ እናቶች ተቀምጠው ሻርፕና ነጠላ መሥራት ጀመሩ። ውጤቱ ያማረ ነው። ገበያው ግን የቱሪስት ነው፤ ቱሪስት ሲጠፋ ሸማኔዋ ያለ ገዢ ትቀራለች። ቅጠል ግን ሁልጊዜ ገዢ አለው።

በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ተጀመረ። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት ከ600 ሺህ በላይ ሰው ለመርዳት ታቀደ። መንገድ የጠረጉ፣ ችግኝ የተከሉ ሴቶች ከክፍያቸው 20 በመቶውን በግዳጅ ቆጠቡ። በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው ሙከራ ይህ ነው፤ ቢያንስ ድካምን በደመወዝ ለካ። ግን ጊዜው የተወሰነ ነበር፤ የሚገባበትም በወረዳው በኩል ነበር። ትናንት ከገጠር መጥታ መታወቂያ ያላወጣች ሴት የሚጠብቃት ጋራው ነው።

መስከረም 30 ቀን 2013 ጋራው ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ፈረስ ይጋለብበታል፤ ቡና ይጠጣበታል፤ አየሩም ግሩም ነው። ዛፉ አሁን ለዓይንም ያገለግላል። ለአንዳንድ ወጣቶች ሥራ ተገኝቷል፤ ጭራሮ ለቃሚዋ ግን መንገዷን አርቃ መዞር አለባት።

የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። እርሷን ግን አይመለከትም፤ አሠሪ የላትምና።

ቤት ለቤት እየዞራችሁ «ሥራ አለሽ ወይ?» እያላችሁ መጠይቅ የምትሞሉ ሆይ፣ አዎ ካለቻችሁ በኋላ እስክሪብቷችሁን አትዝጉ። ስንት ኪሎ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በስንት ብር? እሱንም ጻፉት።