ጠመንጃና ሰሊጥ በአትባራ ወንዝ ዳር

ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው የምድር ባቡር ሐዲድ የአትባራን ወንዝ በሚሻገርበት ስፍራ ኸሽም ኤል ቂርባ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ትርጓሜዋ በዐረብኛ የውኃ ስልቻ አፍ እንደ ማለት ነው። አትባራ በላይኛው ወገን ጓንግ እየተባለ ከጎንደር ምድር ይነሣል፤ በሱዳን ሰቲት የሚባለውን ተከዜን ከተቀበለ በኋላም በዚህች ከተማ አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ በኸሽም ኤል ቂርባ የሚታየው ውኃና ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት፣ የዐዋጅ ቍጥሮች ሲቀሩ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሱዳን መንግሥት በ1964 በዚህ ስፍራ ግድብ ሠርቶ፣ የአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ አገራቸውን ያሰጠመባቸውን 50,000 ያህል የዋዲ ሐልፋ ኑቢያውያን አምጥቶ አሰፈረ። አዲስ ሐልፋ በተባለው እርሻ ለአንድ ተካፋይ ገበሬ 15 ፈዳን ማለት ከ6 ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ተሰጠው፤ ይኸውም 5 ፈዳኑ ለጥጥ፣ 5 ፈዳኑ ለስንዴ፣ 5 ፈዳኑ ለኦቾሎኒ ነበር። ከዚያ በስተ ደቡብና በስተ ምሥራቅ በገዳሪፍ፣ በመተማ፣ በቋራና በሑመራ የሚገኘው ሰፊ ጥቁር ዋልካ መሬት ግን መስኖ የለውም፤ ዝናብን ተጠባብቆ ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል።

በዚህ ሁሉ አገር ከማረሻው ጋር ጠመንጃ አብሮ ይኖራል። መንግሥታት ጠመንጃ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ዐውጀዋል፤ ገበሬው ደግሞ አዝመራዬን የሚጠብቅልኝ እርሱ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱ ነገሮች እንዴት ሊስማሙ እንደሚችሉ መመርመር ለሹሙም፣ ለገበሬውም፣ ሰሊጡን ገዝቶ ለሚነግደው የከተማ ሰውም የሚጠቅም ነው።

የጠመንጃው አመጣጥ

ጠመንጃ በዚህ ወንዝ ዳር ከጥንት የነበረ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 አትባራንና ሰቲትን እየተከተለ በተጓዘ ጊዜ፣ የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ተቀምጠው በሰይፍ ብቻ ዝሆን ሲያድኑ አይቶ በመጽሐፉ አትቶአል። የጦር መሣሪያው ብዛት የመጣው ከዚያ በኋላ በተከታተሉት ጦርነቶች ነው።

በ1940 ኢጣልያ ከሰላንና ገላባትን በያዘች ጊዜ፣ በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሲዮን 101 የተባለው ጓድ ከገላባት ወገን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ፤ ለአርበኞችም መሣሪያ በዚሁ ድንበር በኩል ደረሰ። በ1970ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረትና ሌሎችም ድርጅቶች ከሱዳን ወገን እየተነሡ በሑመራና በመተማ ተዋጉ። በ1991 ደርግ በወደቀ ጊዜም ብዙ ወታደር መሣሪያውን እንደ ያዘ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በ2020 የትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በ2023 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴም በዐማራ ክልል ግጭት ስለ ጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ።

ከነዚህ ጦርነቶች በያንዳንዱ ጊዜ መሣሪያው ለአንድ ጉዳይ ይታደላል፤ ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ግን ቈጥሮ የሚሰበስበው አይገኝም። ሰጪው መንግሥት ይለወጣል፤ ተቀባዩ ይሞታል፤ ጠመንጃው ግን ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል፤ ወይም በገበያ ይሸጣል። ዛሬ በድንበሩ ላይ ያለ መዝገብ የሚገኘው መሣሪያ ብዙው የዚህ ዓይነት ታሪክ ያለው ነው።

ሰሊጥ ቀን አይጠብቅም

ገበሬው ለምን ጠመንጃ እንደሚይዝ ለማስተዋል የሰሊጥን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተዘርቶ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምርና የታችኛው እንቡጥ ሊከፈት ሲቃረብ ፈጥኖ ይታጨዳል፤ ጥቂት ቀን የዘገየ እንደ ሆነ እንቡጡ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ከታጨደም በኋላ ታስሮ፣ ሂላ ተብሎ በሚጠራው ክምር ቆሞ፣ እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በሜዳ ላይ ይቆያል።

እንግዲህ የዓመቱ ድካም ሁሉ በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሜዳ ላይ ተጋልጦ ይገኛል። ለደረቀ ሂላ አንድ የክብሪት እንጨት ይበቃዋል። የቀን ሠራተኛው ሽፍታ መጣ ሲባል ይበተናል፤ ሠራተኛ ከተበተነ ደግሞ ያልታጨደው ይራገፋል። ባለ እርሻው ወይም የትራክተር ነጂው ተይዞ ቤዛ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። ይህ ፍርሃት በኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ያለ አይደለም፤ በገዳሪፍ ወገን ያለው የሱዳን ገበሬም ሽፍታ የሚለውን የአማርኛ ቃል ሳይተረጕም ይጠራዋል።

በተለይ በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ መካከል የሚገኘው አል ፈሻቃ የተባለው መሬት በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ከሱዳን ወገን መንገዱ ይቈረጣል። የ1902ቱ ውልና በ1903 ሻለቃ ግዊን ያካለለው መስመር፣ በ1972 የተለዋወጡት ደብዳቤም እያሉ፣ የሁለቱ አገር ገበሬዎች በይዞታው ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ገብቶ ብዙውን ስፍራ ያዘ። ፖሊስ በማይደርስበት፣ ዳኛም በማይገኝበት መሬት ላይ የሚያርስ ሰው የበሬውን ጥማድ ሸጦ ጠመንጃ ቢገዛ የሚያስደንቅ አይሆንም። ዳሩ ግን በዚያው ገንዘብ ምርጥ ዘር፣ ጆንያና የእህል ማስቀመጫ ሊገዛ ይችል ነበር። ጠመንጃ አዝመራውን ቢጠብቅ እንጂ አዝመራውን አያበዛም።

የመንግሥታቱ ሕግ

በዚህ ክፍለ ዓለም የጦር መሣሪያ ቁጥጥር አዲስ ነገር አይደለም። በ1890 የብሩክሴል ስምምነት ኀያላን መንግሥታት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ተዋዋሉ። በ1930 ነሐሴ ወር በፓሪስ ኢትዮጵያ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ወደ ግዛቷ ስለሚገባ መሣሪያ ውል ተፈራረመች። እነዚህ ውሎች በወደብና በድንበር የሚያልፈውን የሚመለከቱ ነበሩ እንጂ በገበሬው ቤት ያለውን አልቈጠሩም።

በሱዳን የመሣሪያ፣ የጥይትና የፈንጂ ሕግ በ1986 ወጣ፤ በእርሱም መሠረት መሣሪያ ለመያዝ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት በ2020 ጥር ወር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012ን አጸደቀ። ዐዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማከማቸትን፣ ማዘዋወርንና መነገድን ይከለክላል፤ የቁጥጥሩንም ሥራ ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ዕድሜና ጠባይ እንዲመረመር ያዝዛል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎችም በሰው እጅ ያለው እየተመዘገበ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ አስቦአል።

ሁለቱም መንግሥታት በ2004 የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል ተዋዋዮች ናቸው። ይህ ውል እያንዳንዱ መሣሪያ ምልክትና ቍጥር እንዲኖረው፣ አገሮቹም መዝገብ ይዘው እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ከሰጪው አገር ድንበር አያልፍም። በመተማ የተሰጠ ወረቀት በገላባት አይሠራም፤ በገላባት የተሰጠውም እንዲሁ። ከብቱን ወይም የቀን ሥራን ተከትሎ ጠመንጃ እንደ ያዘ ድንበር የሚሻገር ሰው በአገሩ ሕጋዊ ቢሆንም በጎረቤቱ አገር ወንጀለኛ ይሆናል።

በዚሁ መንገድ የሚሾልክ ሌላም ቁጥጥር የሚያስፈልገው ዕቃ አለ፤ እርሱም የተባይ መርዝ ነው። በኢትዮጵያ በ2010 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 674/2002 ያልተመዘገበ የተባይ መድኃኒት እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና በሥራ እንዳይውል ይከለክላል። ስሙ በማይነበብ ዕቃ ተቀድቶ በገበያ የሚሸጥ መርዝ ቍጥሩ እንደ ተፋቀ ጠመንጃ ነው፤ ጕዳት ያደረሰ ጊዜ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ሸጠው ሊታወቅ አይቻልም።

ከሁለት ስፍራ የሚገኝ ትምህርት

ሕግ በወረቀት ብቻ እንደማይሠራ ራሱ የኸሽም ኤል ቂርባ እርሻ ያስተምራል። ያ መሬት ከግድቡ በፊት የሹክሪያና የሌሎች ዘላን ጎሣዎች ግጦሽ ነበር። እርሻው ሲቋቋም ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፤ የገባ ከብት እየተያዘም ባለቤቱ መቀጮ ይከፍል ነበር። ሆኖም ከብቱ መግባቱን አልተወም፤ ምክንያቱም በደረቅ ወራት የሚሄድበት ሣር ተወስዶበታል። መቀጮው ምንም ቢበዛ የከብቱን ሞት ያህል አያስፈራም። ነገሩ በመጠኑ የለዘበው ከዘላኖቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ተካፋይ ገበሬዎች ሆነው የሚጠብቁት አዝመራ ባገኙ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በኡጋንዳ የካራሞጃ አውራጃ የተደረገው ነው። በ2001 መጨረሻ መንግሥት የካራሞጃ ከብት አርቢዎች ጠመንጃቸውን እንዲያስረክቡ ጠየቀ፤ በጥቂት ወራትም 10,000 ያህል መሣሪያ ተሰበሰበ። ነገር ግን በ2002 ጦሩ ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ። በድንበሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች መሣሪያቸውን ስላልፈቱ ያስረከቡትን ሰዎች ከብት ነዱባቸው። የተዘረፈውም ሰው ተመልሶ ጠመንጃ ገዛ። በ2006 መንግሥት ሥራውን እንደ ገና ሲጀምር የቀድሞው እምነት አልነበረም፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

ከነዚህ ሁለት ነገሮች የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። ጠመንጃውን የሚያስመዘግብ ገበሬ ምስጢሩን ለመንግሥት አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ በለውጡ የሚቀበለው ነገር ሊኖር ይገባል፤ እርሱም ጥበቃ ነው። መመዝገቡ የመገፈፍ መጀመሪያ የመሰለው ሰው መሣሪያውን በመሬት ይቀብራል እንጂ ወደ መዝጋቢው አያመጣም። በአንድ ድንበር ላይም አንዱ ወገን ተመዝግቦ ሌላው ሳይመዘገብ የቀረ እንደ ሆነ፣ ሕግ አክባሪው ይዘረፋል፤ ሕግ ተላላፊው ይከብራል።

ሊደረግ የሚገባው

በሹማምንት በኩል፦

1ኛ/ ምዝገባው ከአዝመራው ወራት ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ። በመስከረምና በጥቅምት ገበሬውን ከሰሊጡ አስነሥቶ ወደ ከተማ መጥራት ሕጉን ማስጠላት ነው።

2ኛ/ መዝጋቢው ወደ ቀበሌው እንዲሄድ ማድረግ፤ የጠመንጃውም ቍጥርና ዓይነት፣ የያዡም ስም በሁለት መዝገብ ተጽፎ አንዱ በወረዳ አንዱ በበላይ መሥሪያ ቤት እንዲቀመጥ ማድረግ።

3ኛ/ በአጨዳና በሂላ ጊዜ የፖሊስ ጥበቃ በእርሻው መንገድ ላይ እንዲውል ማድረግ። ይህ ከተደረገ ገበሬው ለዐሥር ስብከት ያልሰጠውን እምነት ይሰጣል።

4ኛ/ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ የወረዳ ሹሞች፣ ሰላም በሚፈቅደው መጠን፣ ምዝገባውን በአንድ ወራት እንዲያካሂዱና የተሰረቀ መሣሪያ ቍጥር እንዲለዋወጡ ማድረግ።

በገበሬው በኩል ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን ለጎረቤት እንዳያውስ ይገባዋል፤ ፈቃድ ለሰው እንጂ ለቤት አይሰጥምና። የጠመንጃው ባለቤት የሞተ እንደ ሆነም ወራሹ ዝም ብሎ ከግድግዳ ላይ አያንሣው፤ ለመዝጋቢው ያስታውቅ። መሣሪያው የተሰረቀበት ሰው በዚያው ቀን ለፖሊስ ይናገር፤ ዝም ካለ በእርሱ ጠመንጃ የፈሰሰው ደም በእርሱ ላይ ሊቈጠር ይችላል። ጥይቱና ጠመንጃው ተለያይተው ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጡ። በሠርግና በለቅሶ መተኰስም ይቅር፤ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት በሰማይ አይቀርም።

የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ በተሠራ ጊዜ 1 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከላይኛው አገር የሚወርደው ደለል እየተከማቸ ብዙውን ስፍራ ወሰደበት፤ በየዓመቱም በጎርፍ ጊዜ በሮቹ ተከፍተው ደለሉ ይጠረጋል። መሐንዲሶቹ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ የተረዱት፣ ከታች መጥረግ ብቻ እንደማይበቃና በላይኛው አገር ተዳፋቱ እርከን፣ አፈሩም ሣርና ዛፍ እንደሚያስፈልገው ነው። የጠመንጃውም ነገር እንዲሁ ነው። በኬላ ላይ የሚያዘው መሣሪያ የተጠረገ ደለል ነው፤ ዘላቂው መድኃኒት ግን ገበሬው በእርሻው ላይ ሳይፈራ ሰሊጡን አጭዶ፣ ሂላውን ወቅቶ፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው የጠመንጃውን ቍጥር ራሱ ይዞ ወደ መዝጋቢው ይመጣል።