«ኬሚስትሪ ሽምደዳ ነው» እና ተማሪን የሚጎዱ ሌሎች ምክሮች

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህር እጥረት፣ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች፣ በጦርነት የተቋረጠ ትምህርት። ይህን ሸክም በተማሪው ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ያለችውን ጥቂት የጥናት ሰዓት የሚበሉ የተሳሳቱ ምክሮች አሉ፤ በኬሚስትሪ ደግሞ ይበዛሉ።

ዋነኛው «ኬሚስትሪ ሽምደዳ ነው» የሚለው ነው። የሚሸመደድ ነገርማ አለ፦ የንጥረ ነገሮች ምልክት፣ የአየኖች ቻርጅ፣ የአሲዶች ስም። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ተማሪው በእነዚህ ምን እንደሚሠራ ነው። አንድ ጥያቄ እንይ። 4 ግራም ሃይድሮጂን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢቃጠል ስንት ግራም ውኃ ይገኛል? አራቱ ግራም ሃይድሮጂን 2 ሞል ነው፤ 16 ግራም ኦክስጅን ግማሽ ሞል ነው። ለ2 ሞል ሃይድሮጂን 1 ሞል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ያለው ግማሹ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቃል፣ 1 ሞል ወይም 18 ግራም ውኃ ይገኛል፣ 2 ግራም ሃይድሮጂን ሳይነካ ይተርፋል። ሁለቱን ቁጥሮች ዝም ብሎ የደመረ 20 ያገኛል። ሃይድሮጂኑን ብቻ አይቶ ያሰላ 36 ያገኛል። ጎበዝ ፈተና አውጪ 20ንም 36ንም ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጣቸዋል፤ ተማሪዎች የት እንደሚስቱ ያውቃልና። «ያገኘሁት ቁጥር ምርጫው ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ልክ ነኝ» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ፎርሙላን ብቻ መያዝም ከሽምደዳ አይሻልም። በአንድ ሊትር ውስጥ 0.00000001 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ውኃ ፒኤች ስንት ነው? ቀመሩ ውስጥ የጨመረው 8 ይላል። አሲድ ተጨምሮበት ቤዝ ሆነ ማለት ነው? አይሆንም። ውኃው ራሱ ከአሲዱ የበለጠ ሃይድሮጂን አየን ስላለው፣ መልሱ ከ7 በጥቂቱ ዝቅ ያለ ነው። ከስሌት በኋላ «ይህ መልስ ያስኬዳል?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ 8ን አያጠቁርም።

«ያለፉትን ዓመታት ፈተና የሠራ ይበቃዋል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። የጥያቄውን አቀራረብና የራስን ደካማ ጎን ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም። መልሱን ጎን ለጎን ከፍቶ «አዎ፣ ይቺን አውቃታለሁ» እያሉ ማለፍ ግን ጥናት አይደለም። መልሱ ተሸፍኖ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ያለ ካልኩሌተር መሠራት አለበት። ፈተናው ላይ ካልኩሌተር ስለማይገባ፣ በስልክ ማካፈል የለመደ ተማሪ የሚደናገጠው ኬሚስትሪው ሳይሆን ማካፈሉ ጋ ሲደርስ ነው።

ደብተርን ደጋግሞ ማንበብም እንዲሁ ያታልላል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ያስታውሱ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ለመጻፍ የሞከሩት በለጧቸው። ማታ አንብቦ «ገብቶኛል» ብሎ የተኛ ተማሪ ስሜቱ አልዋሸውም፤ የሚያስፈልገው ግን ለወራት የሚቆይ እውቀት ነው። ባዶ ወረቀት ላይ የኤሌክትሮላይቲክ ሴልን መሳል፣ አኖዱና ካቶዱ ላይ ምን እንደሚካሄድ መጻፍ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ ማረም፤ ይህ አሰልቺ ነው፣ ያደክማል፣ ግን ይሠራል።

«የ12ኛን መጽሐፍ ያዝ፣ የ9ኛና የ10ኛ አልፏል» የሚሉም አሉ። ሞል፣ ቦንዲንግና ስቶይኪዮሜትሪ የሚጀምሩት እዚያ ነው። ቲትሬሽን የከበደው ተማሪ ብዙ ጊዜ የከበደው ሞሉ ነው፤ ለእሱ የ12ኛን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ከማንበብ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ መመለስ ይሻለዋል። በፈተናው ዋዜማ እስከ ንጋት ማጥናት ደግሞ ምንም አይጠቅምም፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ሲያሰላ ይስታል፣ ያጠናውንም በደንብ አይዝም።

የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው፦ «መጀመሪያ የመጣልህን መልስ አትቀይር»። ጀስቲን ክሩገርና ሁለት ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በላጲስ ያጠፏቸውን መልሶች አንድ በአንድ አዩ። ከተቀየሩት ግማሽ ያህሉ ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ነበሩ፤ ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱት ሩብ ያህል ናቸው። ምክሩ የሚታመነው ልክ የነበረውን ቀይሮ መሳሳት ስለሚያንገበግብና ስለማይረሳ ነው። ስለዚህ ደቂቃዎች ከተረፉ ስሌት ያለባቸው ጥያቄዎች ጋ ይመለሱ፦ እኩልታው ተመጣጥኗል ወይ? ሚሊ ሊትሩ ወደ ሊትር ተቀይሯል? ጥያቄው «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» ነው ወይስ «ትክክል የሆነው»? ግልጽ ስህተት ከተገኘ መልሱን በንጹሕ ማጥፋትና ማስተካከል ነው።